አንድ ልጅ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ቀበቶ

አንድ ባጃጅ ስንት ሰው ይጭናል? ሊብሬው ከሾፌሩ ሌላ ሦስት ይላል። ጠዋት ትምህርት ቤት መግቢያ ሰዓት ላይ ሞጣ ወይም ቢቸና መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚቆጥረው ግን ሌላ ነው። ከኋላ ዩኒፎርም የለበሱ አራት ወይም አምስት ልጆች፣ ከሾፌሩ ግራና ቀኝ ደግሞ አንድ አንድ፣ ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ። ሾፌሩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ወላጁም ለልጁ ግድ አጥቶ አይደለም። ሁለቱን የምታስማማ አንዲት አጭር አባባል አለች፦ «ልጅ አይደል፤ ይጠጋጋል!»

ይህች አባባል የጎጃም ብቻ አይደለችም። አሜሪካ ውስጥ በፋብሪካ መለኪያ፣ እንግሊዝ ውስጥ በሕግ አንቀጽ ተጽፋ ለብዙ ዓመታት ኖራለች። የተማሪ ማመላለሻና የደህንነት ቀበቶ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ መሐንዲሶች ታሪክ ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ዋናው ክርክር ስለ ቆጠራ ነበር። ቀበቶ የሚሠራው ለአንድ ሰው ነው። ስለዚህ ቀበቶ የገባበት መኪና ውስጥ ልጅ መቆጠር ይጀምራል፤ ትርፍም ይታያል።

▪️ እግር፣ ገመድ፣ ጎማ

በምሥራቅ ጎጃም ተማሪና መንገድ የቆየ ዝምድና አላቸው። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሟ የገነነው ዲማ ጊዮርጊስ የምትገኘው ቢቸና አካባቢ ነው። ደብረ ወርቅም ከዚያ ሩቅ አይደለችም። ቅኔ ፈላጊው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚደርሰው በእግሩ ነበር። የሚፈራው ውሻ፣ የሞላ ወንዝ፣ ሽፍታና በሽታ ነው።

ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣም እግር አልቀረም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው በአብዛኛው ከተማ ላይ ስለሆነ የገጠሩ ልጅ ሞጣ ወይም ቢቸና ገብቶ ቤት ይከራያል። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። መኪና ካገኘ ይሳፈራል። መኪናው አውቶቡስ ሊሆን ይችላል፤ ሚኒባስም፣ እህል የጫነ አይሱዙም ሊሆን ይችላል። የከተማው ልጅ ደግሞ በባጃጅ ወይም በወር ክፍያ በሚሠራ ሰርቪስ ይመላለሳል።

በዚሁ በሞጣ በኩል አንድ የሚታወስ መሻገሪያ አለ፤ ሰባራ ድልድይ። በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ፋሲል ጊዜ እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ የዐባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰዉ ክፍተቱን የሚሻገረው ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ጎልማሶች በሚጎተት ገመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ በገመዱ የሚሻገር ሰው ፎቶ ያየ አንድ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ተነሣሥቶ በቀጣዩ ዓመት ድልድዩ ተጠገነ። በ2005 ደግሞ ጎርፍ መልሶ ሰበረው። ቆይቶም በአካባቢው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

በዚያ ገመድ ላይ «ይጠጋጋል» ብሎ ሦስት ልጆችን ባንዴ መስደድ ለማንም የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ከታች ዐባይ ይታያላ! የመኪና ክፋቱ ገደሉን መደበቁ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከቆመ ነገር ጋር ሲጋጭ፣ ያልታሰረ ተሳፋሪ ከፊቱ ያለውን ብረት ወይም ወንበር የሚመታበት ፍጥነት 10 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ቦታ ከወደቀ ሰው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። የሦስተኛ ፎቅ ከፍታ ማለት ነው። ልጁን ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሳይዝ የሚያስቀምጥ ወላጅ የለም። ሚኒባስ ውስጥ ግን በየቀኑ ያስቀምጠዋል።

▪️ ከአውሮፕላን ወንበር የመጣ ሐሳብ

ዛሬ በየመኪናው የምናየውን፣ ከትከሻ ወርዶ ወገብን የሚያቅፈውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የሠራው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው። ቦሊን ቀደም ሲል ሳብ በተባለው ኩባንያ ውስጥ የጦር አውሮፕላን አብራሪ በአደጋ ጊዜ ከነወንበሩ የሚወረወርበትን መሣሪያ ይሠራ ነበር። ወደ ቮልቮ ከተዛወረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 ቀበቶው መኪና ላይ ዋለ። ቮልቮም የፈጠራ መብቱን ለሌሎች አምራቾች ክፍት አደረገ።

የቀበቶው አሠራር ቀላል ነው። ሰውነትን የሚይዘው በጠንካራ አጥንቶች ላይ፣ በደረት፣ በትከሻና በዳሌ ነው። ግጭቱ የሚፈጥረው ኃይል አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ ያከፋፍለዋል። ሁለተኛው ጥቅሙ ደግሞ መኪናው ሲገለበጥ ይታያል፤ ሰውየው ከመስኮት አይወረወርም። የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ ማሰር በመኪና ውስጥ ያለ ሰው የመሞት ዕድልን እስከ ግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል።

መሣሪያው ቢገኝም ማሰርን ግዴታ ለማድረግ አሥር ዓመት አለፈ። ቀዳሚዋ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ስትሆን ሕጉን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ ነው። እንግሊዝ የፊት ወንበር ተሳፋሪን ያስገደደችው በ1983 ነው። በየአገሩ ሕጉ መጀመሪያ የደረሰው ለሾፌሩና ከጎኑ ለተቀመጠው አዋቂ ነው። የኋላ ወንበር ቆየ። የተማሪ መኪና ደግሞ ከሁሉም ዘገየ።

▪️ ቢጫው አውቶቡስና የሲሶው ሒሳብ

«አሜሪካ እንኳ የተማሪ አውቶቡሷ ቀበቶ የለውም» የሚል ክርክር አለ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል።

የአሜሪካ መንግሥት ለተማሪ አውቶቡስ ወንበሮች ያወጣው ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1977 ነው። ለትልልቆቹ አውቶቡሶች የተመረጠው መንገድ ቀበቶ አልነበረም። ወንበሮቹ መደገፊያቸው ከፍ ያለ፣ በወፍራም ስፖንጅ የተሸፈኑና እርስ በርስ የተቀራረቡ እንዲሆኑ ታዘዘ። አውቶቡሱ ከፊት ሲጋጭ ልጁ ከፊቱ ያለውን ለስላሳ መደገፊያ ይመታል፤ ሩቅ አይወረወርም። አውቶቡሱ ራሱም ከባድ ስለሆነ ከአነስተኛ መኪና ጋር ሲጋጭ ግጭቱን የሚቀበለው በአብዛኛው ሌላው ነው።

ሆኖም ይኸው ደረጃ ከ4 ሺህ 536 ኪሎ ግራም ለማይበልጡ ትንንሽ የተማሪ አውቶቡሶች ከመጀመሪያው ቀበቶ እንዲኖራቸው አዟል። ምክንያቱም ቀላል መኪና በግጭት ጊዜ ልጁን በክብደቱ አይጠብቀውም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሕግ ደግሞ ለእነዚህ ትንንሾች የወገብ ቀበቶ ብቻ ሳይሆን የትከሻውም ግዴታ ሆነ። እኛ አገር ተማሪ የሚያመላልሰው ሚኒባስ ክብደቱ ከዚህ ወሰን በታች ነው። በአሜሪካ መለኪያ ቢመዘን ቀበቶ ግዴታ ከሆነባቸው ወገን ይሆናል።

ትልልቆቹስ ለምን ያለ ቀበቶ ቀሩ? አንዱ መከራከሪያ ቴክኒካዊ ነበር፤ ወገብን ብቻ የሚይዝ ቀበቶ ሆድን ሊጎዳ ይችላል። ሌላው ዋጋ ነው። ሦስተኛው ግን ያቺው የጎጃም አባባል ናት። የአሜሪካ ተማሪ አውቶቡስ አግዳሚ ወንበር ሦስት ትንንሽ ልጆችን ይይዛል ተብሎ የሚቆጠር ነበር። ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ሲገጠምበት ሁለት ብቻ ይቀመጡበታል። ስለዚህ አውቶቡሱ የሚጭነው እስከ ሲሶ ይቀንሳል፤ ተጨማሪ አውቶቡስ ያስፈልጋል። ኋላ ላይ እንደ ልጆቹ ዕድሜ ለሁለትም ለሦስትም የሚስተካከል ወንበር እስኪሠራ ድረስ የየከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይህን ሒሳብ ይዞ ይከራከር ነበር።

ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚሠሩ የተማሪ አውቶቡሶቿ ቀበቶ እንዲገጠምላቸው ስታዝ፣ ልጆቹ ማሰር አለባቸው ወይስ የለባቸውም የሚለውን ለየትምህርት ወረዳው ተወችው። ቀበቶ ኖሮ የማይታሰርበት አውቶቡስ ተፈጠረ። ይህን ነገር በኋላ አገራችን ውስጥም እናገኘዋለን።

የወንበሩ ዘዴ ድክመቱ የሚገለጠው አውቶቡሱ ሲገለበጥ ወይም ከጎን ሲመታ ነው። ያኔ ልጁ የሚወረወረው ወደፊት ሳይሆን ወደ ጣሪያና ወደ መስኮት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 በቴነሲ ግዛት ቻታኑጋ ከተማ በፍጥነት ይበር የነበረ የተማሪ አውቶቡስ ተገልብጦ ከዛፍ ጋር ሲጋጭ 6 ልጆች ሞቱ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2018 አዳዲስ ትልልቅ የተማሪ አውቶቡሶች ሁሉ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እንዲኖራቸው ግዛቶች ሕግ እንዲያወጡ መከረ። አርባ ዓመት የቆየው ክርክር ወደዚህ ያዘነበለው በመገልበጥ አደጋ ምክንያት ነው።

▪️ ሦስት ልጅ በሁለት ወንበር

የእንግሊዙ ታሪክ የሚጀምረው በአንድ ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 18 ቀን 1993 ከለንደን የሙዚቃ ዝግጅት አይተው ወደ ሃግሊ የሚመለሱ ተማሪዎችን የያዘ ሚኒባስ በኤም 40 አውራ ጎዳና ላይ ከቆመ የመንገድ ጥገና መኪና ጋር ተጋጨ። 12 ተማሪዎችና ሚኒባሱን ይነዱ የነበሩት መምህርት ሞቱ።

ወላጆች ዝም አላሉም። እንቅስቃሴ ተጀመረ፤ ፓርላማ ተጠየቀ። በ1996 የወጣውና በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ በተደራጀ ጉዞ ልጆችን የሚይዝ ሚኒባስና ረጅም መንገድ አውቶቡስ ለእያንዳንዱ ልጅ ወደፊት የዞረ ወንበርና ቀበቶ እንዲኖረው አስገደደ።

በዚያ አገር እስከዚያ ድረስ «ሦስት በሁለት» የሚባል ፈቃድ ነበር፤ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ሦስት ልጆች በሁለት ሰው ቦታ ሊቀመጡ ይችሉ ነበር። «ልጅ ነው፤ ይጠጋጋል» በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቀበቶ በሚጠየቅበት መኪና ውስጥ ይህ ፈቃድ ትርጉም አጣ። ሦስተኛው ልጅ የሚታሰርበት የለማ!

▪️ የጋቢናው ቀበቶ

ወደ አገራችን እንመለስ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ያወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ሾፌር ቀበቶ እንዲያስር የሚያስገድድ፣ ያላሰረውንም የሚቀጣ ነው። በ2016 ደግሞ ቅጣቶችን ከፍ ያደረገ ደንብ ቁጥር 557 ወጣ። ወረቀቱ እንግዲህ አለ።

ተግባሩን ግን ጋቢና የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ሾፌሩ «ቀበቶ እሠር፤ ትራፊክ አለ» ይላል። ኬላው ሲታለፍ ይፈታል። ቁልፉ የተበላሸ ቀበቶ ትከሻ ላይ ጣል ተደርጎ የታሠረ ይመስላል። ቀበቶ በሰዉ ልብ ውስጥ የቅጣት መከላከያ እንጂ የሞት መከላከያ ሆኖ አልገባም። ትራፊክ ፖሊስ የሚያየውም ከፊት መስታወት በስተጀርባ ያሉትን ሁለት ሰዎች ነው። ኋላ ያሉት አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ልጆች አይታዩም።

የኋላ ወንበሩ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ተጨማሪ ወንበር በጋራዥ ተበይዶ የገባበት፣ መተላለፊያው ላይ ተጣጣፊ የተጨመረበት ሚኒባስ ብርቅ አይደለም። ቀበቶ የሚጠነክረው የታሠረበት ወንበር ከወለሉ ጋር በተያያዘበት መጠን ነው። በደካማ ብየዳ የቆመ ወንበር ላይ የተገጠመ ቀበቶ ልጁን ከነወንበሩ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ «ቀበቶ አስገጥሙ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። በየዓመቱ ቦሎ የሚሰጠው የተሽከርካሪ ምርመራ የወንበሩን ቁጥርና አያያዝ ማየት አለበት።

የአገሪቱ ጉዳት ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ የኢትዮጵያን የመንገድ ትራፊክ ሞት ከ100 ሺህ ሰው 26.7 አድርጎ ገምቶታል። ያው ዘገባ በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል የሚቀድመው የመንገድ አደጋ መሆኑን ይገልጻል። ይህ ዕድሜ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲና ከዚያም ያለውን ተማሪ ሁሉ ይይዛል።

ከዐባይ ማዶ ያለችው ለጋምቦ ታስታውሰናለች። በመጋቢት 2010 በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች እንደነበሩ በወቅቱ ተዘግቧል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 በሲዳማ ክልል ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ወድቆ 71 ሰዎች አለቁ። ሁለቱም አደጋዎች ከገደልና ከወንዝ ጋር የተያያዙ ናቸው። በአሜሪካ ያለ ቀበቶ የተሠራው አውቶቡስ የሚያቅተውም ይኸው ዓይነት አደጋ ነው። የጎጃም፣ የወሎና የሰሜን ሸዋ መንገድ ወደ ዐባይና ወደ ገባሮቹ ሸለቆ ሲወርድ ሲወጣ የሚውል ነው። በዚህ መልክዐ ምድር ላይ ለስላሳ ወንበር ልጅን አያድንም። ተሳፋሪውን ከወንበሩ ጋር የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ዕቃ መጫኛ ላይ ሰው መጫን ደግሞ ከቀበቶ ክርክር ሁሉ በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው።

▪️ «አሁን የቀበቶ ጊዜ ነው?»

ይህ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ መልስም ይገባዋል። በአማራ ክልል በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ነዳጅ ተወዷል፤ መለዋወጫም እንደዚያው። የባጃጅ ሾፌሩ ከሦስት ልጅ በሚያገኘው ገንዘብ ቤተሰብ ማስተዳደር ይቸግረዋል። ለአምስት ልጅ የተከፈለው ለሦስት ከተከፈለ ወጪው ወላጁ ላይ ይወድቃል። ይህን መካድ ሐቀኝነት አይሆንም።

ነገር ግን አገሮቹ ሁሉ ቀበቶውን ያዘገዩት በዚሁ በዋጋ ምክንያት ነበር። ሃብታሟ አሜሪካም «የሚጭነው በሲሶ ይቀንሳል» ብላለች። እንግሊዝም ሦስቱን በሁለት ወንበር አስቀምጣ ገንዘብ ቆጥባለች። ሒሳቡን የለወጠው የሞቱት ልጆች ስም ዝርዝር ነው። ከእነሱ ዘግይቶ መምጣት አንድ ጥቅም ቢኖረው፣ ያንን ዝርዝር ሳይጠብቁ መማር መቻል ነው።

መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መቁጠር ነው። አንድ የግል ትምህርት ቤት ሰርቪስ ሲኮናተር የመኪናውን ሊብሬ አይቶ የወንበሩን ቁጥር ውሉ ላይ ማስፈር ይችላል። የወላጅ መምህር ኅብረት በወር አንድ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ከየመኪናው የሚወርዱትን ልጆች ቢቆጥር የማን መኪና ስንት እንደሚጭን ይታወቃል። የከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የተማሪ ሰርቪስ የሚሠሩ መኪኖችን ለይቶ ቢመዘግብ ትራፊክ ፖሊሱ የትኛውን እንደሚያስቆም ያውቃል።

ባጃጅ ቀበቶ የለውም። ስለዚህ ባጃጅ ላይ ያለው ብቸኛ መከላከያ ቁጥሩና ፍጥነቱ ነው፤ ሦስት ልጅ ከኋላ፣ ከሾፌሩ ጎን ማንም፣ ከከተማ ውጭም አለመውጣት። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ልጅ ግማሽ ሰውነቱ ከባጃጁ ውጭ ነው። መሪውንም ይነካል፤ ሾፌሩንም ያስቸግራል።

ሚኒባስ ላይ ቀበቶ ካለ ደግሞ አጠቃቀሙ መታወቅ አለበት። የወገቡ ክፍል ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ ብሎ ይታሠራል። የትከሻው ክፍል አንገት ላይ ሳይሆን በትከሻና በደረት መሐል ያልፋል። ለትንሽ ልጅ ከፍ የሚያደርገው መቀመጫ ያስፈልጋል። ሁለት ልጆችን በአንድ ቀበቶ ማሠር መከላከያ አይሆንም፤ በግጭት ጊዜ አንዱ ሌላውን ይመታል። ልጅን ጭን ላይ አድርጎ ቀበቶውን በሁለቱ ላይ መጠምጠም ከሁሉም የከፋ ነው፤ የአዋቂው ክብደት ልጁን ከቀበቶው ጋር ይጨፈልቀዋል።

ደንብ አውጪው አካልም የራሱ ድርሻ አለው። የተማሪ ማመላለሻን እንደ ማንኛውም ሚኒባስ ማየቱን ትቶ፣ ለብቻው የወንበር ቁጥር፣ የወንበር አያያዝና ቀበቶ የሚመረመርበት መደብ ሊያደርገው ይችላል። ቁጥጥሩም ከጋቢና አልፎ ወደ ኋላ በር ይምጣ። የኋላውን በር ከፍቶ ልጆቹን ለመቁጠር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የሊብሬው ቁጥር ይበቃል።

ነገ ጠዋት በሞጣም በቢቸናም ያው ባጃጅ ይመጣል። ወላጁ በር ላይ ሆኖ ውስጡን ያያል። ሦስት ልጆች ተቀምጠው ከሆነ የእሱ ልጅ አራተኛ ነው ማለት ነው። ያኔ «ግድ የለም፤ ይጠጋጋል» ማለትም፣ «የሚቀጥለውን እንጠብቃለን» ማለትም በእሱ እጅ ነው። አሜሪካና እንግሊዝ አሥርት ዓመታት የፈጀባቸው ውሳኔ ይህች ሁለተኛዋ ናት።